የአባቴ መሐላና የኤችዲኤምአይ ገመድ

ሥራዬ ገመድ ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ወልድያ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የሰፈረው የሥራ መደብ ረጅምና የተከበረ ነው። በተግባር የምፈለገው ግን ስብሰባ ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ የአለቃው ላፕቶፕ ከአዳራሹ ትልቅ ቴሌቪዥን ጋር አልስማማ ሲል ነው። «ነይ እንጂ፣ አልታየም!» ይሉኛል። እሄዳለሁ። ብዙውን ጊዜ ገመዱ ጭራሽ አልተሰካም። እሰካዋለሁ፣ ሪሞቱን ተቀብዬ «ሶርስ» የሚለውን እጫናለሁ፣ ምስሉ ይመጣል። አለቃው «ቀድሞም ይሠራ ነበር እኮ» ይላል። እኔም ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እወጣለሁ። ቁጡ ነኝ፤ ይህን እናቴም ትመሰክራለች። ቁጣው ከአባቴ የመጣ ነው።

ከቦርሳዬ የማይለየው ሰማያዊ ራስ ያለው፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚጠብቀው የቪጂኤ ገመድ ነው። ቀጭኑና ጥቁሩ ኤችዲኤምአይ ግን ለመሥሪያ ቤታችን አንድ ለእናቱ ስለሆነ ከአዳራሹ አይወጣም። አንድ ጊዜ ብቻ ወጥቷል። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት፣ አረብ አገር ያለችው ታናሽ እህቴ ስትደውልልኝ ነው።

«እሑድ ሳምንት ነው» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሰርጉ ነዋ!»

ልታገባ እንደሆነ አውቅ ነበር። ልጁ እዚያው የሚሠራ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹም የወላጆቻችን ቤት ያለበት መርሳ ድረስ መጥተው፣ አባቴ ወግ ባለው አኳኋን ተቀብሎ «እሺ» ብሏቸዋል። እኔ ያላወቅሁት ቀጥላ የነገረችኝን ነው።

«አባባ በራሱ አንደበት ካልመረቀኝ አላገባም። ለእጮኛዬም ነግሬዋለሁ። ጠብቀኝ ብዬዋለሁ።»

«ዓመት ቢፈጅስ?»

«ይፍጅ።»

ሙግት አልገጠምኳትም። እሷ ደግሞ ከአባቴ የወሰደችው እልሁን ነው።

እዚህ ላይ መሐላውን መናገር አለብኝ። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤት ሳይመጣላት ቀረ። አንድ ቀን ለአባቴ «ወልድያ እህቴ ዘንድ ልሰንብት» ብላው መጣች። እኔ የተከራየሁት ቤት ሁለት ሌሊት አደረች። በሦስተኛው ቀን ሻንጣዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ወዴት እንደምትሄድ አውቅ ነበር። አልቅሻለሁ፣ ተቆጥቻለሁ፣ ተሸክሜያለሁ። ከአዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ልትሳፈር ስትል ለአባቴ ደወለችለት። «አባባ፣ ልሄድ ነው፤ መርቀኝ» አለችው።

አባቴ ያን ሰዓት ቤታችን በረንዳ ላይ ከጎረቤታችን ከሐጂ ጋር ተቀምጦ ነበር። ሐጂ የአባቴ የልጅነት ወዳጅ ናቸው። የሰፈራችንን ዕድር፣ የቅሬያችንን፣ ድንኳን አብረው ይተክላሉ፣ የሰው ጠብ አብረው ያስታርቃሉ፤ የየራሳቸውን ጠብ ግን ማንም አስታርቋቸው አያውቅም። አባቴ አልጮኸም። ስልኩን ከጆሮው አነሳና አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ሐጂ ዞሮ «ሚካኤልን! ከዛሬ ጀምሮ በስልክ ድምጿን አልሰማም። አንተ ምስክሬ ነህ» አለ። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና እህቴ ሰምታለች።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ እኩለ ቀን ላይ የእናቴ ስልክ ሲጠራ አባቴ ዱላውን አንስቶ «ሽንኩርቱን ልየው» ብሎ ይወጣል። በሰንበት ምን የሚታይ ሽንኩርት አለ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናቴ ስልኩን ስትዘጋ ደግሞ ወዲያው ከአጥሩ ማዶ ብቅ ይላል። እናቴ ስልክ ስታወራ ድምጿን ከፍ ማድረግ የለመደችው ከዚያ በኋላ ነው። «ጉንፋኑ ለቀቀሽ? ለቀቃት! እሰይ!» እያለች ትጮኻለች። ማን እንዲሰማላት እንደምትጮኽ ሁላችንም እናውቃለን። የንስሐ አባቱ «መሐላው ይፈታል፣ ቀኖና ልስጥህ» ብለውት ነበር። «የማልኩት አውቄ ነው» አላቸው። አጥፍቻለሁ ከሚል አራት ዓመት አጥር ሥር መቆም ይቀለው ነበር፣ የኔ አባት።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ወደ መርሳ ወረድኩ። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። አባቴ ማሳው ላይ ስለነበር መጀመሪያ ያገኘኋቸው ሐጂን ነው። በራቸው ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝና ከነገሩ ጋር የማይገናኝ የሚመስል ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሥራሽ ምን ነበር ያልሽኝ?»

«ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኛለሁ፣ ሐጂ።»

«እና ልጅቱ በላፕቶፑ ብትመጣ በቴሌቪዥኑ ትታያለች?»

«ትታያለች።»

«ስልክ ሳይነካ?»

«ስልክ ሳይነካ» አልኩ። ኢንተርኔቱ ከየት እንደሚመጣ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸው።

ጢማቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «አብሽሪ» አሉኝ።

አባቴ ከማሳው ሲመለስ ሐጂ በረንዳችን ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። እኔ ውስጥ ሆኜ በመስኮት እሰማለሁ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ይዛለች።

«የማልክ ዕለት ምስክርህ ማን ነበር?» አሉ ሐጂ።

«አንተ ነሃ። ምን ልታመጣ ነው?»

«ምን ብለህ ማልክ?»

«በስልክ ድምጿን አልሰማም ብዬ።»

«በስልክ።»

«በስልክ። ምነው፣ ጃጀህ እንዴ?»

«ቴሌቪዥን ብለሃል?»

አባቴ «ያን ጊዜ ቴሌቪዥን መች ነበረኝ?» አለ።

«ኖረህም አልኖረህም አላልክም ነው የምልህ። እኔ እማኝ ነኝ። ወላሂ፣ ጆሮዬ የሰማው ስልክ ነው። አላህ ዘንድም ብጠየቅ ስልክ ነው ያለው እላለሁ።»

ቀና ብዬ በመስኮቱ አየሁ። አባቴ ዱላውን በጣቱ ይጠርጋል፤ አፈር አልነበረበትም። ሐጂ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረዱት፤ ልጅቱ እንደ ዜና አንባቢ ብቅ ብላ ትታያለች፣ አንተ ወንበርህ ላይ ትቀመጣለህ፣ ሌላ ምንም የለም አሉት። አባቴ ብዙ ካሰበ በኋላ እንዲህ አለ፦

«ቴሌቪዥን ያሻውን ያወራል። ቴሌቪዥን አወራ ብዬ ቤቴን ጥዬ አልወጣም።»

እናቴ እልል ልትል ከጅሏት በነጠላዋ አፏን ያዘች።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቡፌው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጀርባው ላይ የቪጂኤ መሰኪያ አለው። ሰማያዊውን ገመዴን ሰካሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ ላፕቶፔ ውስጥ ከሥራ የቀረ የማሽላ ተባይ ሥልጠና ቪዲዮ ነበርና ለሙከራ ከፈትኩት። ማሽላው በቴሌቪዥኑ ላይ ተንዠረገገ። አባቴ «ይሄ ማሽላ ተባይ በልቶታል» አለ። ሐጂ ግን ማሽላውን አላዩም። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ ላፕቶፑ።

«ድምፁ ከወዴት ነው?»

«ከላፕቶፑ ነው። ይሄ ገመድ ምስል እንጂ ድምፅ አይወስድም።»

ቀና አሉ። «አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አይሆንም?»

«እሱ የማለው ድምጿን አልሰማም ብሎ ነው። መልኳን አላይም አላለም። ድምጿ ከቴሌቪዥኑ ካልወጣ ምስክርነቴ ይበላሻል።»

ነደደኝ። አለቆቼ ያላናደዱኝን ያህል ነደደኝ። አራት ዓመት ሙሉ ሰው ተለያይቶ ኖሮ በገመድ ዓይነት ይፈረድበታል ወይ ልል አፌን ስከፍት አባቴን አየሁት። በዐይኑ ሐጂን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ትክክል ነው እያለ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ነገሩ በደንብ ካልተሠራ ለአባቴ አይረጋለትም። እንዲያው ለይስሙላ የተገናኘ ገመድ አይጠቅመውም። ቁጣዬን ትቼ ጫማዬን አደረግሁ።

መርሳ ውስጥ ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዞርኩ። ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ፣ ቢጫ ቀይ ነጩ፣ በየሱቁ ተሰቅሏል። እሱ ደግሞ ለላፕቶፔ አይሆንም። ኤችዲኤምአይ የለም። አንዱ ባለ ሱቅ «ቻርጀር ልስጥሽ?» አለኝ፣ እንደ ማጽናኛ። በሚኒባስ ወደ ወልድያ ተመለስኩ። ሲሪንቃ ላይ ተሳፋሪ ለመጫን ሲቆም ሹፌሩን በሆዴ ረገምኩት። ያው አዳራሽ፣ ያው ትልቅ ቴሌቪዥን፤ ጥቁሩን ገመድ ከጀርባው ነቀልኩ። የጥበቃው ሰው «ቅዳሜ ደግሞ ምን ስብሰባ አለ?» አሉኝ። «የቤተሰብ ነው» ብዬ መዝገባቸው ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ገመድ በእጄ ሳልጠቀልል፣ እንዳይሰበር ፈርቼ፣ በሻርፔ ሸፍኜ ያዝኩት።

እሑድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ስደርስ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ነጭ ጋቢውን እንደለበሰ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጧል። ከእህቴ ጋር የተቃጠርንበት ሰዓት ገና ነው። ጢሙን ተላጭቷል። እንዳየሁት ሲያውቅ «አሳክኮኝ ነው» አለኝ። ሐጂም ኮፍያቸውን አጥበው መጡ።

ቴሌቪዥኑ ያለው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ሪሲቨሩ ይዞታል። ቡፌውን ከግድግዳው ለማራቅ እናቴ ብርጭቆዎቿን አንድ በአንድ አወረደች። ገብቼ ነቀልኩ፣ የኔን ሰካሁ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ በእናቴ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ኢንተርኔቱን የሚለቀው ስልኬ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነው። ድምፁን አጥፍቼዋለሁ፣ እንዳይንቀጠቀጥም አድርጌዋለሁ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ቴሌቪዥኑ ላይ «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ ከጫፍ ጫፍ ተንሳፈፈ።

«ምን አለ?» አለች እናቴ።

«ምልክት አላገኘሁም ነው የሚለው።»

«ታዲያ ንገሪዋ!»

ሶርስ የሚለውን ተጫንኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ምስሉ ወጣ። ወዲያው ደወልኩላት።

እህቴ ቴሌቪዥኑን ሞልታ መጣች። ነጠላ አጣፍታለች። ከአራት ዓመት በፊት ከሸኘኋት ልጅ ይልቅ እናቴን ትመስላለች። «አባባ?» አለች። ድምጿ ከቴሌቪዥኑ ወጣ። ሐጂ እጃቸውን ቴሌቪዥኑ ጎን ላይ አሳርፈው አዳመጡና «ከዚህ ነው» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

አባቴ ዱላውን ጨብጧል። አልመለሰላትም። ወደ ሐጂ ዘንበል ብሎ «ከስታለች» አለ።

«አባትሽ ከስታለች ይላል» አሉ ሐጂ ለቴሌቪዥኑ።

«አልከሳሁም፣ ሐጂ። እንዲያውም ልብሴ አልገባ ብሎኛል በሉት።»

«ትተኛለሽ ወይ በላት።»

«ትተኛለህ ወይ በሉት እሱንም። እማ ሌሊት ሲገላበጥ ያድራል ብላኛለች።»

አባቴ እናቴን ገላመጣት። እናቴ ብርጭቆዎቿን መወልወል ጀመረች። እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ፤ ሐጂ መሀል ላይ ሆነው ከአንዱ ወደ ሌላው እያደረሱ፣ አንዳንዴም ከራሳቸው እየጨመሩ። ከዚያ እህቴ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ «ሐጂ፣ አባባ ወዴት ነው የሚያየው? እኔ የሚታየኝ ጆሮው ብቻ ነው» አለች።

ደነገጥኩ። ካሜራው ያለው ላፕቶፑ ላይ ነው! አባቴ ሲላጭ፣ ጋቢውን ሲያስተካክል፣ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የነበረው ለቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ አያይም። ላፕቶፑ በጎን ሆኖ ሲልክላት የቆየው ቀኝ ጆሮውን ነው። ይህን ስህተት አዳራሽ ውስጥ ስንቱን አርሜዋለሁ፤ «ወደዚህ ይመልከቱ፣ ካሜራው እዚህ ነው» እያልኩ። እናትና አባቴ ቤት ስደርስ ግን እኔም እንደነሱ ቴሌቪዥኑን ብቻ አየሁ። ላፕቶፑን ወደ ፊት ልስበው ብሞክር ገመዱ አይደርስም።

«አባባ፣ ወደዚህ ዙር፤ እዚህ ነው የምታይህ።»

«ቴሌቪዥኑ እዚህ ነው ያለው» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ተይው» አለች እህቴ። «ጆሮውም ይበቃኛል። ባይሆን ሰምቶኛል።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ሐጂ፣ በሉት… ያን ቀን የጠየቅኩትን ነው ዛሬም የምጠይቀው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሐጂ ይህን አላስተላለፉም። አላስፈለገም።

አባቴ ዱላውን ወለሉ ላይ አጋደመው። ጋቢውን ከትከሻው ገለጥ አደረገ። ጉሮሮውን ጠረገና ሁለት እጆቹን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋ። በዚያች ሰዓት መብራት ጠፋ።

ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የፀጉር ቤት ሙዚቃ ቀጥ አለ። ከላፕቶፑ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ጠፋችሁ? አይ፣ አላችሁ። አባባ ይታየኛል።» ላፕቶፑ ባትሪ አለው። አባቴ ግን እጆቹን እንደዘረጋ ከጥቁሩ ቴሌቪዥን ላይ ዐይኑን አላነሳም። ድምጿን እንደሚሰማት አንገቱ ይናገራል። አንገቱ አልዞረም።

የምናውቀው ነገር ነው፤ በኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይከተለዋል። ይህች ደቂቃ ካመለጠች እህቴ «ይቅር» ትላለች። ሰርግ ይፈርሳል፣ አንድ የዋህ የኮምቦልቻ ልጅ ደግሞ ያለ ጥፋቱ ይጠብቃል። አባቴም ዳግም እጁን ለመዘርጋት ሌላ አራት ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። «ሐጂ፣ ቶሎ! ሊጠፋ ነው!» አልኩ። የማለቅስ መሆኔን ያወቅሁት ድምፄን ስሰማ ነው።

ሐጂ ተነሡ። አልቸኮሉም። ቡፌው ኋላ እጃቸውን አስገብተው የገመዱን ራስ ዳሰሱ፤ ገመዱን ይዘው እየተከተሉ ላፕቶፑ ድረስ መጡና ሌላውንም ራስ ዳሰሱ።

«አልተነቀለም» አሉ። «ገመዱ እስካለ ድረስ ይሄም ያው ቴሌቪዥን ነው።»

«መብራት የለውም» አለ አባቴ።

«መብራት ሲሄድ ቤትህ ቤት መሆኑ ይቀራል? ያው ቴሌቪዥን ነው አልኩህ።»

«ምስክሩ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። ኃጢአት ካለው በእኔ ይሁን።»

አባቴ ከነወንበሩ ዞረ። ከበርጩማው ላይ የወረደውን ገመድ በግራ እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘው፤ በሬ ሲነዳ እንደሚይዘው። እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችው። «አባባ» አለችና አፏን ያዘች። ሽበቱን ነው ያየችው። ስትሄድ አልነበረውም።

«ቀና በይ። ልይሽ» አላት። ለእሷ ነው ያለው፤ ሐጂ መሀል የሉም።

ቀና አለች።

«ውለጂ፣ ክበጂ። እጅሽ የያዘው ይባረክ። አፈር ብትይዢ ወርቅ ይሁንልሽ። ባልሽ ይክበርብሽ፣ ቤትሽ ይሙቅልሽ። የሄድሽበት መንገድ የተባረከ ይሁን።» እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ ገመዱን ጨበጥ አድርጎ ቀጠለ። «የሄድሽበት መንገድ የተባረከ ይሁን። የምትመለሽበትን ደግሞ በዐይኔ ያሳየኝ።»

እናቴ «አሜን» አለች። ሐጂ «አሚን» አሉ። አባቴ ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለና አባት ልጁን ሲመርቅ እንደሚያደርገው «እትፍ፣ እትፍ፣ እትፍ» አለባት። እህቴ ግንባሯን ወደ ካሜራው አቀረበች። «አሜን፣ አባባ። አሜን…» ብላ፣ አንገቷን እንደደፋች፣ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ኔትወርኩ ሄዷል።

«ደርሷታል?» አለ አባቴ።

«ደርሷታል። አሜን ስትል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። እንዲያው ስጠይቅ ነው።»

ማንም በጣቱ ስክሪን ሲነካብኝ የማብድ ሴት ነኝ። አዳራሽ ውስጥ ስንቱን ባለሥልጣን «በጣት አይንኩት!» ብዬ አስደንግጫለሁ። ያን ዕለት ስክሪኔ ላይ የአባቴ ምራቅ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ ሆኖ በቆመው የእህቴ ምስል ፀጉር ላይ ደረቀ። አልጠረግሁትም። ወልድያም ከገባሁ በኋላ ብዙ ቀን አልጠረግሁትም።

ሐጂና እናቴ ወደ በረንዳው ወጡ። እኔ ገመዱን ልጠቀልል ስል አባቴ ገና አልለቀቀውም።

«ያን ቀን መናኸሪያ የሸኘሻት አንቺ ነሽ፣ አይደል?» አለኝ።

አራት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነው። «አዎ፣ አባባ» አልኩ።

«ሻንጣዋን ማን ተሸከመ?»

«እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ብቻዋን አልሄደችም ማለት ነው» አለና ገመዱን ሳይለቅ ተቀመጠ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ብርጭቆዎቹን ወደ ቡፌው መመለስ ጀመርኩ። ልውጣ ስል ደግሞ «ገመዱ ይቀመጥ» አለኝ።

ለመሥሪያ ቤቱ ወልድያ ገበያ ሌላ ኤችዲኤምአይ ገዝቼ መለስኩ። የጥበቃው ሰው መዝገባቸውን አይተው «ስብሰባው እንዴት ነበር?» አሉኝ። «በስምምነት ተጠናቀቀ» አልኳቸው። እህቴ በቀጠሮዋ ቀን አገባች።

ከሰርጉ በኋላ በሦስተኛው እሑድ፣ ሳልናገር ወደ መርሳ ሄድኩ። ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው የደረስኩት። አባቴ አጥሩ ማዶ የለም። ማሳውም ላይ የለም። በሩ ላይ ስደርስ የእህቴን ድምፅ ሰማሁ፤ የእናቴ ስልክ በላውድ ስፒከር ነው።

ገባ ብዬ ቆምኩ። አባቴ የጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ጋቢውን አስተካክሎ። የእናቴ ስልክ ቴሌቪዥኑ እግር ሥር፣ ዳንቴሉ ላይ ተቀምጧል። ጥቁሩ ገመድ አንደኛው ራሱ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ተሰክቶ፣ ሌላኛው ራሱ በጥንቃቄ ስልኩ ሥር ተደርጓል። ከስልኩ ጋር አይገጥምም። ስልኩ ለዚያ የሚሆን ቀዳዳም የለውም። አባቴ ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ ለእህቴ እያወራት ነው፤ እሷም አንድ ነገር ተናግራ ታስቀዋለች።

አየኝ። መሳቁን አቆመና በዐይኑ ወደ ገመዱ አመለከተኝ።

«እስቲ አንቺ እይው፣ ባለሙያዋ» አለኝ። «ተሰክቷል?»

ጎንበስ ብዬ የገመዱን ራስ ስልኩ ሥር ትንሽ ገፋ አደረግሁት።

«ተሰክቷል፣ አባባ» አልኩት።